ከክንፋቸው በታች፦ የካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ሕይወት



ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ ቢሾፍቱ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምታችሁ ቀና ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። በዚያ በሐረር ሜዳ የአየር ኃይላችንን መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ናቸው። እኛ ወንጌላውያን ስዊድን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን ወንጌልን ይዘውልን የመጡት ሚስዮናውያን ናቸው። እኚህ ሰው ግን ወታደርና አብራሪ ነበሩ። ታሪካቸውን የምናካፍላችሁ እያንዳንዳችን በጌታ ፊት የምንመልሰው አንድ ጥያቄ ስላለበት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱበት ቤት

ፎን ሮዘን ነሐሴ 19 ቀን 1909 በስዊድን ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን በኋላ የናዚ ደጋፊ ሆኑ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ አብራሪ አባታቸውን በበረዶ ማዕበል ውስጥ አሳፍሮ ወደ ቤታቸው አመጣ። ይህ ሰው ሄርማን ጎሪንግ ነበር። በዚያው ቤት የልጁን አክስት ካሪንን አገኘ፤ ኋላም አገባት። ጎሪንግ በኋላ ከሂትለር ቀጥሎ የናዚ ጀርመን ኃያል ሰው ሆነ።

እንግዲህ አስቡት፤ ልጁ ያደገው እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እርሳቸው ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎችን ለመውጋት ለእንግሊዝ አየር ኃይል ራሳቸውን ቢያቀርቡም ከጎሪንግ ጋር ባላቸው ዝምድና ምክንያት አልተቀበሏቸውም። ከእናንተ መካከል ቤተሰቤ ያለፈበት መንገድ እኔንም አስሮኛል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ሰው የተወለደበትን ቤት አይመርጥም፤ የሚሄድበትን መንገድ ግን ይመርጣል።

ቀይ መስቀል በክንፋቸው ላይ

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን ስትወር በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን መጣ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ይህንኑ ቡድን በቦምብ ደበደቡት። ብዙ ሕሙማንና ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ። ፎን ሮዘን በዚያ ጦርነት ወቅት የቀይ መስቀል አብራሪ ሆነው መድኃኒትና ሐኪም ያመላልሱ ነበር። በመጋቢት 1936 ቆረም ላይ የቀይ መስቀሉ አውሮፕላን በቦምብ ጋየ፤ እርሳቸው ግን በሕይወት ተረፉ።

ከነፃነት በኋላም ኢትዮጵያን አልረሱም። ከ1946 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጁና ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራ ሲያስተምሩ ኖሩ። በግንቦት 1947 በአንዲት ትንሽ የሳብ ሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። 6,220 ኪሎ ሜትሩን የጨረሱት በ31 ሰዓት ገደማ ነበር።

ከሮኬት ወደ እህል

ወገኖች፣ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ከባድ ነው፤ ሸፍነን አናልፈውም። በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት የቢያፍራ ሕፃናት በረሃብ ሲረግፉ የስካንዲኔቪያ አብያተ ክርስቲያናት እህል በአየር ይልኩ ነበር። በነሐሴ 1968 ፎን ሮዘን ዝቅ ብለው በመብረር እገዳውን ጥሰው እህልና መድኃኒት አደረሱ። ነገር ግን የሚያዩት ረሃብ ልባቸውን አቆሰለው፤ በግንቦት 1969 ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ በአምስት ትንንሽ ኤምኤፍአይ-9 አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የታሰረው ሮኬት ነበር። ፖርት ሃርኮርትንና ሌሎች የአውሮፕላን ማረፊያዎችን መቱ። ዓለም አንዳንዱ ጀግና፣ አንዳንዱ ቅጥረኛ አላቸው። በጥር 1970 ቢያፍራ ተሸነፈች። ሮኬቱ ረሃብተኛውን አላዳነም።

በ1974 ደግሞ በእኛው አገር ረሃብ ነበር። ያን ጊዜ 65 ዓመት የሞላቸው አብራሪ እንደገና መጡ። የዚያችው የቢያፍራ አውሮፕላን ዘመድ የሆነችውን ኤምኤፍአይ-15 ይዘው መንገድ ለሌለባቸው ተራራማ ቦታዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ። ሮኬት በተንጠለጠለበት በክንፉ ሥር አሁን የተንጠለጠለው የእህል ጆንያ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን የምታነብቡ ሁሉ ይህን ምስል በልባችሁ ያዙት። አብራሪው ያው ነው፣ ችሎታውም ያው ነው፤ የተለወጠው የሚሸከመው ነገር ነው።

ሐምሌ 13 ቀን 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ፎን ሮዘን በእርዳታ ሥራ ላይ ጎዴ ነበሩ። በዚያው ቀን መሬት ላይ ሳሉ በጥቃቱ ተገደሉ። 67 ዓመታቸው ነበር።

ለእኛ ምን ይላል?

ፎን ሮዘንን ቅዱስ አድርገን ልንስላቸው አንፈልግም። ትዳራቸው ያለ ስብራት አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አግብተዋል። በእጃቸውም ሞት አልፏል። ደግሞም መልካም ሥራ ማንንም እንደማያጸድቅ፣ የምንድነው በጸጋ በእምነት እንደሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የኤፌሶን ምዕራፍ 2ን እስከ ቁጥር 10 ብታነብቡ በጸጋ የዳነ ሰው ለመልካም ሥራ እንደተፈጠረ ታያላችሁ። የጌታን ወንጌል የምናውቅ እኛ፣ ለተራበው ወንድማችን ስንቴ ጉዞ ጀመርን?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሾፌር ብትሆኑ፣ ነርስ ብትሆኑ፣ ነጋዴ ወይም ወታደር ብትሆኑ፣ ጌታ ችሎታና ጉልበት ሰጥቷችኋል። ከክንፋችሁ በታች ምን አንጠልጥላችኋል? ሌላውን የሚያቆስል ነገር ከሆነ ዛሬ ፍቱትና በምትኩ እንጀራ እሰሩበት። በዕድሜ ገፍቻለሁ፣ አልፎብኛል የምትሉም ብትኖሩ እኚህ ሰው የእህሉን ጆንያ ያሰሩት በ65 ዓመታቸው እንደነበር አትርሱ።

ጌታ ይባርካችሁ!