90 ሺህ ካርዶችን የተወው ሰውዬ

ሰሞኑን የማስታወሻ ደብተሮቼን ሳገላብጥ በራሴ አፈርኩ። የሃያ ዓመት ማስታወሻ አለኝ፤ የምፈልገውን ግን ላገኘው አልቻልኩም። አንድ ወዳጄ አዘነልኝና ማስታወሻን ከማስታወሻ የሚያያይዝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጫነልኝ። ሦስት ወር ሙሉ ደብተሮቼን ገለበጥኩበት። ከዚያ ሁሉ ድካም አንድ ጽሑፍ እንኳ አልወጣኝም። የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች እንደ አርአያ የሚያነሱት ማንን እንደሆነ ሳጠያይቅ ነው ከጀርመናዊው ኒክላስ ሉማን ታሪክ ጋር የተገናኘሁት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉማን በ1927 በሉነቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቢራ ጠማቂ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና በአፍላነቱ ለአየር መከላከያ ረዳትነት ተመለመለ፤ በ1945 በ17 ዓመቱ በአሜሪካኖች ተማረከ። ከጦርነቱ በኋላ በፍራይቡርግ ሕግ ተምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ቀን የቢሮ ሥራ፣ ከሥራ በኋላ ንባብ።

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያነበበውንና ያሰበውን በትናንሽ ወረቀቶች ላይ እየጻፈ በእንጨት ሳጥን ያኖር ጀመር። ካርዶቹን በርዕስ ከመደርደር ይልቅ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጣቸው። ከካርድ 1 ጋር የሚሄድ አዲስ ሐሳብ ቢመጣለት ፊደል ጨምሮበት ከ1 እና ከ2 መሀል ይሰነቅረዋል። ከሩቅ ካርድ ጋር የሚዛመድ ከሆነም የዚያኛውን ቁጥር እዚሁ ይጽፍበታል። እንዲህ እያለ ተራርቀው የተቀመጡ ሐሳቦች ተገናኙ።

በ1960 ወደ ሃርቫርድ ሄዶ ከሶሲዮሎጂስቱ ታልኮት ፓርሰንስ ዘንድ ተማረ። በ1968 የቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያ ሲገባ ምን ሊያጠና እንዳሰበ ሲጠየቅ የማኅበረሰብን ንድፈ ሐሳብ እንደሚሠራ፣ 30 ዓመት እንደሚፈጅበትና ወጪ እንደሌለው አስታወቀ። ቃሉንም አላጠፈም። ዋናው መጽሐፉ በ1997 በሁለት ቅጽ ታተመ። በዓመቱ፣ በኅዳር 1998፣ አረፈ። ሞትን የቀደመው በአንድ ዓመት ብቻ ነበር!

ከ50 በላይ መጻሕፍትና 90 ሺህ ያህል ካርዶች ትቶ ሄደ። ካርዶቹን ዩኒቨርሲቲው በ2011 ገዝቷቸዋል፤ ከ2019 ጀምሮም በኢንተርኔት እየታዩ ነው።

እኔስ? ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም። እኔ ስገለብጥ ኖርኩ እንጂ አላያያዝኩም። ሉማን በወረቀትና በቁጥር የሠራውን ማያያዝ ዛሬ ኮምፒዩተሩ በቅጽበት ይሠራዋል። የትኛው ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ የማሰቡ ሥራ ግን ዛሬም የባለቤቱ ነው። አሁን በየማታው አንዲት ማስታወሻ ብቻ እጽፋለሁ፤ ዘመዷን ሳላገኝላት አልተኛም።