ሻምበል አበበ ቢቂላና የሱሉልታ ሴቶች

ሻምበል አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የገባበት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። እኔን ግን ከሰከንዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው የሕግ ልዩነት ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅም ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲደግመው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ለመሆኑ ይህ ሰው ከሩጫው ምን አገኘ? የዚያን ዘመን የኦሊምፒክ ሕግ በስፖርት ለሚተዳደር ሰው በሩ ዝግ ነበር። አበበ በወታደር ደመወዙ ይኖራል። ከድሉ በኋላ ማዕረግ ተጨመረለት፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ቮልስዋገን መኪና ተሰጠው። ስጦታ ክብር ነው፤ መብት ግን አይደለም። ሰጪው ቢተወው አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኗ ተገልብጣ እግሮቹን አሳጣችው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ጀመረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

አበበ ሮምን ባስደነቀበት ኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረዥሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን በዚያ አልተገኘችም። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ አሸንፋ በዚህ ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች።

ዛሬ በማለዳ በሱሉልታ ሜዳ ወይም በሰበታ አስፋልት ያለፈ ሰው በቡድን የሚሮጡ ወጣት ሴቶችን ያያል። ሩጫ ሙያቸው ነው። በታላላቆቹ ማራቶኖች የሴት አሸናፊ ሽልማት ከወንዱ እኩል ሆኗል። ከማናጀርና ከጫማ ኩባንያ ጋር ውል ይፈራረማሉ። አበበ ያላገኘው መብት ይኸው ነው፤ ባለዕዳው ቢያጓድል በሕግ የሚጠየቅበት ወረቀት።

ይሁንና ወረቀቱ መብት የሚሆነው ፈራሚዋ ስታውቀው ነው። ከገጠር መጥታ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ የምትፈርም የ18 ዓመት ልጅ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ብትጎዳ ወይም ብታረግዝ ክፍያው ይቀነስ እንደሆነ፣ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር እንደሚታይ ሳታውቅ ከቀረች፣ ዕጣዋ ከአበበ ብዙ አይለይም፤ የሰው በጎ ፈቃድ ጠባቂ ትሆናለች። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ውሉ ሳይፈረም በአማርኛና በኦሮምኛ ተተርጉሞ በሕግ ባለሙያ እንዲታይላት ግዴታ ቢያደርግ ብዙ ወጪ የለውም። ለአበበ ሐውልት አቁመናል፤ ለእነዚህ ልጆች ደግሞ ጠበቃ ይቁምላቸው።