የንጉሥ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ፦ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ምን እንማራለን?

እንደሚታወቀው እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ገና ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ከፕላቶና ከአሪስቶትል፣ ከማኪያቬሊ፣ ከሆብስና ከሎክ ጋር እንተዋወቃለን። ፈተና ሲደርስም ስማቸውን ከነሐሳባቸው እንሸመድዳለን። ይሄ ክፋት የለውም። ነገር ግን ስለ መንግሥት አሠራር በአማርኛ፣ የአገራችንን ገበሬና ነጋዴ እያየ የጻፈ ሰው እንዳለን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሕይወት ባጭሩ አቅርቤ ከእሳቸው ያገኘሁትን ትምህርት ለማካፈል እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1886 በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። ልጅነታቸው ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ አገሪቱን ከጎዳበት ዘመን ጋር ይገጥማል። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ አካባቢ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። ከዚያ ወደ አውሮፓ በሚሄድ መርከብ ተደብቀው እንደወጡና አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ እንዳሳደጋቸው ይነገራል። በዚያም ጀርመንኛ አውቀው፣ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ታዲያ ኑሯቸው የተደላደለ አልነበረም። ምኒልክ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ በተያዘበት ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደው ቆዩ።

በ1912 አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው አስመራ ላይ ታተመ። ይህ ጽሑፍ ወጣቱ ልጅ ኢያሱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚናገር የለውጥ ሐሳብ ይዟል። ግብር የተወሰነ ይሁን፣ በዓይነት መክፈሉ ቀርቶ በገንዘብ ይሁን፤ ሕግ ተጽፎ ይውጣ፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ ሠራዊቱ በዘመናዊ መንገድ ይሰልጥን፤ የሃይማኖት ነፃነት ይታወጅ የሚሉት ይገኙበታል። እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን አንዱ ነው፤ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ የሚለው።

ይህችን ነገር ቀለል አድርገን አንያት። የንጉሥና የመንግሥት ገንዘብ አንድ ከሆነ ግብር ማለት ለጌታ የሚገባ እጅ መንሻ ነው፤ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሲለያዩ ግን ገንዘቡ የሕዝብ ይሆናል፤ ሒሳብ ይያዝለታል፤ ባለሥልጣኑም ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ጠባቂ ይሆናል። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ተጠያቂነት የምንማረው ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ሥራቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ከዚህ ጠለቅ ይላል። የሀብት ምንጩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበረታው ደግሞ ዕውቀት ነው ብለው ይነሳሉ። ወታደሩ በገበሬው ላይ ተተክሎ የሚኖርበትን ሥርዓት አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ ያመረተውን ነገ ማን እንደሚወስድበት የማያውቅ ሰው ከዕለት ጉርሱ በላይ ለማምረት አይተጋምና። የውጭ ንግዱንም ይመረምራሉ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል፤ በዓድዋ ድል የተጠበቀው ነፃነት በድንቁርናና በድህነት ሊታጣ ይችላል የሚል ስጋት ነበራቸው። በ1950ዎቹ የላቲን አሜሪካ ምሁራን ስለ ጥገኛ ኢኮኖሚ ካነሱት ሐሳብ ጋር ምሁራን የሚያወዳድሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ እንደ ዳዊት ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን መጽሐፍ ሳነብ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ለምን እንደምትከበር ገባኝ። ከፍያለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አይመጣብኝም ማለት ናት። የመንግሥትን ጠባይ ለማወቅ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሌላ ከማን ምን ያህል እንደሚሰበስብ፣ የሰበሰበውንም የት እንደሚያደርሰው ማየት ያስፈልጋል።

ነጋድራስ ይህን ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠውም አይተውታል። በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም ሆነዋል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ስለነበር ድሬዳዋ የወጪና የገቢ ንግዱ ዋና በር ነበረች። ቀረጥ ምን እንደሆነ ከወረቀትም ከመጋዘንም ያወቁት ሰው ናቸው።

ይሁን እንጂ አድናቆት ትችትን ሊያስቀርብን አይገባም። ገብረ ሕይወት ለውጡን የጠበቁት ከላይ ነው፤ አስተዋይ ንጉሥ ከተገኘ አገር ትድናለች ብለው ተስፋ አደረጉ። ያ ገበሬ ራሱ ወኪሉን መርጦ የሚናገርበት ሸንጎ በዕቅዳቸው ውስጥ ጉልህ ቦታ የለውም። ንጉሡ የሁለቱን ገንዘብ ድንበር ቢያፈርስ ማን ያስቆመዋል? የእሳቸው ትውልድ ይህን ሳይመልስ አለፈ። በእርግጥ በዘመኑ ከዚህ በላይ መናገር ይቻል ነበር ወይ የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ መምህራኖቻችን ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1919፣ ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር አዲስ አበባ ላይ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1924 ነው፤ ደራሲው ታትሞ አላዩትም። እንግዲህ ወገኖቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ አንድ ሐሳብ ልስጥ። የአንዱን ወረዳ ግብር ከተሰበሰበበት ቀን ጀምራችሁ ሥራ ላይ እስኪውል ተከታተሉት። ድንበሩ የጸናው የት ላይ ነው? የላላውስ? ይህን የጻፈ ተማሪ የእሳቸውን ሥራ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው ማለት ነው። ቸር ይግጠመን!