የመድፈኛው ጩቤና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ

ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመታት በፊት በኢጣልያ አገር፣ ይልቁንም በቬኒስ፣ መድፈኞች በወገባቸው የሚታጠቁት አንድ ልዩ ጩቤ ነበር። ብረቱ ቀጭንና ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ስለ ሆነ ለመውጋት እንጂ ለመቁረጥ አይመችም። በአንደኛው ፊቱ ላይ መስመርና ቁጥር ተቀርጾበታል፤ መድፈኛው የመድፉን አፍ ወይም የአረሩን ውፍረት በዚያ ለክቶ የአረሩን ክብደት ያውቃል። በጫፉ የባሩዱን ከረጢት ይበሳል፣ የመለኰሻውን ቀዳዳ ይጠርጋል። ጠላት ደርሶ መድፉን ሊማርክበት ሲል ደግሞ ጩቤውን በዚያው ቀዳዳ ሰክቶ ይሰብረው ነበር ይባላል፤ መድፉም ለማራኪው ወዲያው አያገለግልም። ሹማምንቱ ሰው በስውር የሚገደልባቸውን ቀጫጭን ጩቤዎች ሲከለክሉ ለመድፈኞች ፈቀዱላቸው። በዚህ ምክንያት መድፍ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር እያስቀረጸ ይታጠቅ ጀመር ይባላል። ተንኰል በየአገሩ አንድ ነው።

ይህን ካነበብሁ ወዲህ መድፈኛ መድፉን ካጣ በኋላ ምን ይቀረዋል የሚለው ነገር ከአሳቤ አልወጣ ስላለ፣ የአገራችንን ስመ ጥር መድፈኛ የደጃዝማች ባልቻን ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባልቻ ሳፎ ትውልዳቸው ከጉራጌ ነው። በልጅነታቸው በዘመቻ ላይ ቆስለውና ተሰልበው ከተገኙ በኋላ ምኒልክ አንሥተው በቤተ መንግሥት አሳደጓቸው። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ልጅ በቂም ቢያድግ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን በታማኝነት አገልግለው በጅሮንድ እስከ መባል ደረሱ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤትና መድፍ በእጃቸው ሆነ። የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ ነው።

እኛ የጎጃም ልጆች ስለ አድዋ ስንሰማ ያደግነው አስቀድሞ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተማረኩት ንጉሥ በ1888 ዓ.ም. ከዚያው ከምኒልክ ጋር ሆነው ለአንድ አገር ተሰለፉ። በዚያ ሰልፍ መድፉን የሚያዝዙት ባልቻ ነበሩ። የኢትዮጵያ መድፎች 40 ያህል ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ሆችኪስ የሚባሉ ፈጥነው የሚተኩሱ የፈረንሳይ መድፎች ይገኙባቸዋል። መድፍ ባዕድ ብቻ የሚያውቀው ጥበብ ይመስለው የነበረ ሁሉ የካቲት 23 ቀን አሳቡን ለወጠ። ጀኔራል አልበርቶኔ ተማረኩ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ ኢጣልያኖች ካሰለፏቸው 56 መድፎች አንዱ እንኳ ወደ ጌቶቹ አልተመለሰም። ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያ ቀን ወደቁ፤ የእሳቸውንና የባልቻን ስም አጣምሮ የሚያነሣው የሕዝብ ግጥም እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከድሉ በኋላ ባልቻ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞን፣ ቀጥሎም ሐረርን፣ እንደ ገናም ሲዳሞን ገዙ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ አገዛዛቸው ብርቱ ነበር፣ በሲዳሞ ገባር ላይ የተጫነውም ቀንበር ከባድ ነበር። በልጅነታቸው የዘመቻን መከራ የቀመሱ ሰው መሆናቸውን ሳስብ ይህ ያሳዝነኛል።

አዲሱን ዘመን አልወደዱትም፤ ለራስ ተፈሪም በቀላሉ አልገዛም አሉ። በ1920 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ መጡና ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ወደ ግብር በተጠሩ ጊዜ ጥቂት መቶ ጠባቂ ብቻ ይዘው ገቡ። እሳቸው በግብር ላይ ሳሉ የራስ ተፈሪ ሰዎች ሰፈር የቀረውን ሠራዊት በገንዘብ አባብለው በተኑት፤ ግዛታቸውም ለሌላ ተሰጠ። የአድዋው መድፈኛ አንድ ጥይት ሳይተኰስ ሠራዊታቸውን አጡ። ከዚያም ታሠሩ፤ በኋላም ወደ ገዳም ገቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን ኢጣልያ አዲስ አበባን ያዘች። ባልቻ ያን ጊዜ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ መድፍም ሠራዊትም ግዛትም የላቸውም። ባሠራቸው መንግሥት ላይ ቂም ነበራቸውና ዝም ብለው ቢቀመጡ ወይም ለጠላት ቢገቡ ምክንያት አያጡም ነበር። በ1929 ዓ.ም. እጄን እሰጣለሁ ብለው ወደ ኢጣልያኖቹ እንደ ላኩ ይተረካል። መኰንኖቹም የአድዋውን ሽማግሌ ለመቀበል መጡ። እንደ ተቃረቡ ባልቻ ተኰሱባቸው፤ ጥቂቶቹን ጥለው እሳቸውም እዚያው ወደቁ።