ዴኒስ በርኪት፦ ዓለምን ስለ አሰር ያስተማረው ሐኪም

ሐኪምዎ አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ እንዲያዘወትሩ መክሮዎት ከሆነ፣ ይህን ምክር በዓለም እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ዶክተር ዴኒስ በርኪት ነው።

በርኪት እ.ኤ.አ. በ1911 በአየርላንድ ኤኒስኪለን ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ በአደጋ አንድ ዓይኑን አጣ፤ ይህ ግን ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገደውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኬንያና በሶማሊያ ምድር አገለገለ፤ ከ1946 ጀምሮም ለ20 ዓመታት ያህል በዩጋንዳ ሠራ። በዚያ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ካንሰር አጥንቶ በ1958 ጻፈ። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1966 ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘው። በእንግሊዝ የተለመዱት የትርፍ አንጀት ሕመም፣ የሐሞት ጠጠርና የትልቁ አንጀት ካንሰር በአፍሪካ ገጠር ለምን ብርቅ ሆኑ? በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች እየጻፈ መረጃ ሰበሰበ። ከባልደረቦቹ ጋርም የሰገራን ክብደትና ምግብ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ለካ። ፉርሽካው ያልወጣ እህልና ጥራጥሬ የሚበሉት የገጠር ሰዎች ሰገራቸው ብዙና ለስላሳ ነበር፤ ነጭ ዱቄት የሚያዘወትሩት እንግሊዞች ግን ትንሽና ደረቅ ሰገራ ነበራቸው። በ1979 ለሕዝብ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1993 አረፈ።

በርኪት የገመተው ሁሉ አልተረጋገጠም። የገጠር ሆስፒታሎች ያኔ ብዙ በሽታ ሳይመረመር ያልፋቸው ነበር። ዋናው ሐሳቡ ግን ጸንቷል፤ ምክንያቱም ከእሱ በኋላ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። በምትኩ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብና ብግነትን የሚቀንስ አሲድ ይሰጡናል። በ2015 በወጣ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። በዚህ አጭር ጊዜ ከአንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዙ ምልክቶች በአሜሪካውያኑ ቀነሱ፣ በደቡብ አፍሪካውያኑ ጨመሩ።

ይህ እርስዎን ይመለከታል። በመርሳና በሀብሩ ገበሬ የሚያመርተው ጤፍና ማሽላ፣ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ጋር፣ በርኪት ያደነቀው ዓይነት ምግብ ነው። ጤፉን ሸጦ በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በለስላሳ መጠጥ መተካት እንደ መሻሻል ሊታይ ይችላል፤ ለአንጀትዎ ግን ኪሳራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል።

አሰርን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ውኃም ይጠጡ። የስኳር ሕመም ካለብዎት የእንጀራውን መጠን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ መድኃኒትዎንም አያቋርጡ። አሰር የበሽታን ዕድል ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በሰገራዎ ደም ካዩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም የሰገራ ልማድዎ ተለውጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ኪንታሮት ነው ብለው አይጠብቁ፤ ይመርመሩ።