ዲክሲ ዲን፡ ከክለቡ ጋር ወርዶ ከክለቡ ጋር የወጣው የጎል ንጉሥ

እ.ኤ.አ በ1928 የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረው ኤቨርተን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ የሊጉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ጉዱ ይሄ ብቻ አይደለም። በ1928 ለዚሁ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን 60 የሊግ ጎል ያስቆጠረው አጥቂ ኤቨርተን ሲወርድም እዚያው ነበር። በወረደበት ዓመት ራሱ በ25 ጨዋታ 23 ጎል አግብቷል። እንዲህ ዓይነት አጥቂ ይዞ መውረድ እንዴት ይቻላል? ሊጉ 42 ጨዋታ ነበረው፤ በቀሩት 17ቱ ጨዋታዎች ዲክሲ ዲን በአብዛኛው በጉዳት ምክንያት ሜዳ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ዲን ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው 60 የምትለዋን ቁጥር ነው። እውነትም ታስደነግጣለች። ኧርሊንግ ሃላንድ በ2022/23 የፕሪሚየር ሊጉን ሪከርድ ሰበረ ተብሎ ዓለም ሲያጨበጭብለት ያገባው 36 ነበር። ይሁን እንጂ የዲን ማንነት ይበልጥ የታየው ብዙ ሰው በማያነሳው ዓመት፣ ኤቨርተን በሁለተኛ ዲቪዚዮን ባሳለፈው 1930/31 ነው።

ዊሊያም ራልፍ ዲን እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 22 ቀን 1907 ከሊቨርፑል ከተማ ማዶ፣ መርሲ ወንዝን ተሻግሮ በሚገኘው በርከንሄድ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ባቡር ድርጅት ውስጥ በመካኒክነት ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ሲሠራ የሌሊት ተራ ይመርጥ ነበር፤ ቀኑን ለኳስ እንዲተውለት። ዲክሲ የሚለውን ቅጽል ስም ራሱ አይወደውም ነበር ይባላል። የሚፈልገው ቢል ተብሎ መጠራት ነው፤ ግን ደጋፊ አንዴ ስም ካወጣ ማን ይመልሰዋል?

ለሰፈሩ ክለብ ትራንሚር ሮቨርስ በ30 የሊግ ጨዋታ 27 ጎል አገባ። በማርች 1925 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ኤቨርተን በ3 ሺህ ፓውንድ ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ በሰሜን ዌልስ በሞተር ሳይክል አደጋ ደረሰበት። የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞች መትረፉንም ተጠራጥረው ነበር፤ ኳስ መጫወቱማ የማይታሰብ ነው ተባለ። ልጁ ግን ወራት ሳይቆጠሩ ተመለሰና በመመለሻው ጨዋታ በዚያው በተሰበረ ጭንቅላቱ ጎል አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ስለተተከለ ነው እንዲህ የሚገጨው የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። ወሬ ብቻ ነበር። በቁመቱ እንኳን ከብዙ ተከላካዮች አይበልጥም፤ የሚበልጣቸው ሰዓቱን ጠብቆ በመዝለል ነው።

የ1927/28ቱን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ እንለፈው። የሚድልስብሮው ጆርጅ ካምሴል በ1926/27 በሁለተኛ ዲቪዚዮን 59 ጎል አስቆጥሮ ነበር። ዲን ይህንን ለመስበር በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 7 ጎል ያስፈልገው ነበር። በርንሌይ ላይ 4 አገባ። ሜይ 5 ቀን 1928 በጉዲሰን ፓርክ ከአርሰናል ጋር 3ለ3 ሲለያዩ ሃትሪክ ሠራ፤ ስልሳኛዋ ጎል ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ከአሌክ ትሩፕ የማእዘን ምት በጭንቅላት የገባች ናት። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቁልቁል ሄደ። በ1928/29 ኤቨርተን 18ኛ ሆነ። በ1929/30 ደግሞ 22ኛ፣ ማለትም መጨረሻ። 35 ነጥብ ይዞ ነው የወረደው፤ ከወራጅ ቀጣናው በላይ ያለው ሼፊልድ ዩናይትድ 36 ነበረው። በአንድ ነጥብ! ሊጉ በ1888 ሲመሠረት ከአሥራ ሁለቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤቨርተን እስከዚያ ዓመት ድረስ ወርዶ አያውቅም።

ዛሬ ቢሆን ወሬው ሁሉ ዲን የት ይሄዳል የሚል ይሆን ነበር። ከወረደ ክለብ ኮከቡ መጀመሪያ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን የዘመኑን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልፈቀደ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። ደመወዝም ጣሪያ ነበረው፤ በውድድር ወቅት በሳምንት 8 ፓውንድ። 60 ጎል ያገባም ሆነ ምንም ያላገባ ከዚያ በላይ በሕጋዊ መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ዲን ለክለቡ ታማኝ ሆኖ ቀረ ሲባል ታሪኩን ትንሽ ማሳመር አለበት። ኤቨርተን ግን ሊሸጠው ይችል ነበር፣ ገንዘቡም በአንድ ቀን ይገኝ ነበር። አልሸጠውም። ዲንም አኩርፎ ልሂድ አላለም። የተከበረው ያንግዜም ዛሬም ለዚህ ነው።

ክለቡ ያኔ አሰልጣኝ አልነበረውም። በዛሬው አነጋገር ማናጀር የሚባል ሰው የለም፤ አሰላለፉን ዳይሬክተሮቹ ይመርጣሉ፣ የቢሮውን ሥራ ጸሐፊው ቶም ማኪንቶሽ ይሠራል፣ የተጫዋቾቹን አካል የሚያዘጋጀው ሃሪ ኩክ ነው። ሲወርዱም ቡድኑን አልበተኑትም። ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1930፣ ከማንችስተር ሲቲ ቶሚ ጆንሰንን በ6 ሺህ ፓውንድ አምጥተው ነበር። ጆንሰን ኤቨርተንን ከመውረድ ለማዳን ዘግይቶ መጣ፤ ለማውጣት ግን በሰዓቱ ደረሰ። በክንፍ ቴድ ክሪችሊና ጂሚ ስታይን፣ መሐል ላይ ጂሚ ደንና ጆንሰን፣ ፊት ላይ ዲን። አምስት አጥቂ የሚሰለፍበት ዘመን ነውና አምስቱም አጥቂ ናቸው።

ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቀላል አልነበረም። የሚያድጉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፕሌይ ኦፍ የሚባል ሁለተኛ ዕድል የለም። ለማሸነፍ የሚሰጠው 2 ነጥብ ነው። ቶተንሃም፣ ዌስት ብሮሚች፣ ወልቭስ፣ ኖቲንግሃም ፎረስት ሁሉም እዚያው ናቸው። የወረደው ትልቅ ክለብ ሜዳ ላይ ሲመጣ ደግሞ ትንሹ ክለብ የዓመቱን ጨዋታ ይጫወታል። ኤቨርተን ኦገስት 30 ቀን 1930 የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ገና ባደገው ፕሊማውዝ አርጋይል ሜዳ ነበር። 3ለ2 አሸንፎ ቢወጣም ላቡ ጠብ እስኪል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። ያው ፕሊማውዝ ከገና በኋላ ዲሴምበር 27 ቀን ወደ ጉዲሰን ሲመጣ 9ለ1 ተሸኘ፤ ዲን 4፣ ስታይን 4 አገቡ። ቻርልተን በገዛ ሜዳው 7ለ0 ተሸነፈ። ምን አለፋችሁ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የነበሩ በረኞች ያን ዓመት ጀርባቸው እስኪጎብጥ ኳስ ከመረብ ሲያወጡ ነው የከረሙት። በጉዳት ምክንያት አልቆለታል ይባል የነበረው ዲን 37 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 39 ጎል አስቆጠረ።

በኤፍ ኤ ካፕም ቢሆን ዝም አላሉም። ክሪስታል ፓላስን 6ለ0፣ በሩብ ፍጻሜ ሳውዝፖርትን 9ለ1 አሸነፉ፤ ሳውዝፖርት ላይ ዲን ብቻውን 4 አገባ። ማርች 14 ቀን 1931 በኦልድ ትራፎርድ በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ግን የዲቪዚዮኑ ተፎካካሪያቸው ዌስት ብሮሚች 1ለ0 አቆማቸው። ያን ዋንጫ በመጨረሻ የወሰደውም ዌስት ብሮሚች ነው። ዲን በዚያው ወር መጨረሻ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጠርቶ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ከስኮትላንድ ጋር ተጫወተ። መራጮቹ የሚጫወትበትን ዲቪዚዮን አላዩም ማለት ነው።

ውድድሩ ሲያልቅ ኤቨርተን 28 አሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ፣ 9 ተሸንፎ በ61 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ያገባው ጎል 121 ነው። አብሮት ያደገው ዌስት ብሮሚች 54 ነጥብ ነበረው። በዚያው ዓመት ላይኛው ዲቪዚዮን ላይ የኸርበርት ቻፕማን አርሰናል 127 ጎል አግብቶ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫውን አነሳ፣ ማንችስተር ዩናይትድ ደግሞ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ለሁለቱም ክለቦች ደጋፊዎች ይህቺ ዓመት ሳትረሳ አትቀርም።

ኤቨርተን ሲመለስ ለመትረፍ አልተጫወተም። በ1931/32 ሼፊልድ ዌንስዴይን 9ለ3፣ ቼልሲን 7ለ2 አሸነፈ፤ በሁለቱም ጨዋታዎች ዲን አምስት አምስት ጎል አግብቷል። ዓመቱን በ45 የሊግ ጎል ጨረሰና ኤቨርተን አርሰናልን በሁለት ነጥብ በልጦ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በኤፕሪል 1933 ደግሞ ዌምብሌይ ላይ ማንችስተር ሲቲን 3ለ0 ረትቶ ኤፍ ኤ ካፕን ወሰደ። ስታይን፣ ዲንና ደን ነበሩ ያገቡት፤ ሦስቱም ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረዱት ልጆች ናቸው። ለፍጻሜ ጨዋታ ማልያ ላይ ቁጥር የተጻፈው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን፣ የኤቨርተን ከ1 እስከ 11፣ የሲቲ ከ12 እስከ 22 ነበር። አምበሉ ዲን 9 ቁጥር ለበሰ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ኤፍ ኤ ካፕ፤ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስቱም ተወሰዱ።

የኋላው ያሳዝናል። የቶሚ ላውተን መምጣት የዲን ዘመን እያበቃ መሆኑን ይናገር ነበር። ዲን ግን ቦታውን ሊወስድ የመጣውን ልጅ አላገደውም፣ ይልቅ የጭንቅላት ኳስ አስተማረው። በማርች 1938፣ ከክለቡ ጸሐፊ ቴዎ ኬሊ ጋር የነበረው ግንኙነት ሻክሮ፣ ወደ ኖትስ ካውንቲ ተሸጠ። ለኤቨርተን በ433 ጨዋታ 383 ጎል፣ ለእንግሊዝም በ16 ጨዋታ 18 ጎል ያስቆጠረ ሰው ነው እንግዲህ እንዲህ የተሸኘው። በአየርላንድ ለስላይጎ ሮቨርስ ጥቂት ወራት ተጫውቶ በ1939 የአየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደረሰ። ከዚያ በቼስተር ከተማ መጠጥ ቤት ከፈተ፣ በኋላም በኳስ ቁማር ድርጅቱ ሊትልውድስ በተላላኪነት ተቀጠረ። በ8 ፓውንድ ደመወዝ ማን ሀብት ያከማቻል?

ኤቨርተን በክብር ጨዋታ ያመሰገነው በ1964 ነው። ከተሸጠ ከ26 ዓመት በኋላ! ያም ሆኖ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ጉዲሰን ድረስ መጣ፤ ግማሹ ሲጫወት አይቶት የማያውቅ ሳይሆን አይቀርም። በ1976 የደም መርጋት ቀኝ እግሩን አስቆረጠው።

ማርች 1 ቀን 1980 በጉዲሰን ፓርክ ኤቨርተን ከሊቨርፑል የመርሲሳይድ ደርቢ ነበራቸው። የ73 ዓመቱ ዲን ጨዋታውን ለማየት መጥቶ ነበር። እዚያው ስታዲየም ውስጥ ልቡ ቆመና አረፈ። ስልሳኛዋን ጎል ካገባበት ሜዳ ብዙም አልራቀም ነበር። ጨዋታውን ሊቨርፑል 2ለ1 አሸነፈ።