ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እና የዛፍ ተከላ፦ ከባሕር ዛፍ እስከ አኻያ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ካበቃ በኋላ ሐረር በእጃቸው ገባች፤ አስተዳደሩም ለራስ መኮንን ተሰጠ። በዚያ ዘመን ጀልዴሳ የቆላው መንገድ በር ነበረች። ከዘይላ ወደብ የሚነሳው የግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ እዚያ ያርፋል፤ ቀረጥም ይከፍላል፤ ጭነቱም ወደ ሐረር ዳገት ለሚወጡ የጋማ ከብቶች ይዛወራል። ኋላ ግን ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ጀልዴሳን ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የንግዱም ማዕከል ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ።

ንጉሠ ነገሥቱን በብርቱ የፈተናቸው ሌላው ጉዳይ የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ነበር። የእንጦጦ ጽድና ወይራ እየተመነጠረ በመሄዱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ በማደጉና ከተቆረጠም በኋላ እንደገና በማቆጥቆጡ ችግሩን አቃለለ፤ አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች።

ይሁን እንጂ ለፍጥነት የተመረጠ ዛፍ ለሁሉም ቦታ አይስማማም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ስለሚጠቀም ለምንጭና ለወንዝ ዳር አይመከርም። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚሻለው አኻያ የተባለው አገር በቀል ዛፍ ነው። ሥሩ የወንዝ ዳርን አፈር አጥብቆ ይይዛል፤ ጎርፍ የሚያደርሰውንም መሸርሸር ይቀንሳል።

አኻያን ለማባዛት ዘር መጠበቅ አያስፈልግም። ከጤናማ ዛፍ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ሳይደርቅ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእርጥብ አፈር ውስጥ ይተከላል። የተሻለው ጊዜ የዝናብ መግቢያ ነው። በደጋ የበጋ ውርጭ ከመምጣቱ አስቀድሞ ሥር መስደድ አለበት፤ እንደ ጀልዴሳ ባለ ደረቅ ቆላ ደግሞ እርጥበት ከማይለየው የወንዝ ዳር ውጪ መትከል ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ተክሉ እስኪጠና ከከብት ንክኪ መጠበቅም ያስፈልጋል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴርን አብረው አቋቋሙ፤ ሹመቱም ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ተሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ለመሬትዎ የሚስማማውን የዛፍ ዓይነት ለመምረጥ ምክር የሚፈልጉ ከሆነ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ያነጋግሩ።